አባዬ የሚስልበት መስኮት

እሑድ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለታናሽ እህቴ ለሚጢጢ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንቅልፍሽን ጠግበሽ፣ ሆድሽም ባዶ ሳይሆን፣ ከማንም ጋር ሳትኳረፊ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና የሚለውን ቃል እንዴት እንደምጠቀምበት ወደ ታች ስትወርጂ ታዪዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩ ላይ አባዬ አለ። ገና ሲጮህ ያነሳና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የኔ ድርሻ «እሷም እዚህ ናት፣ ሰላም ብላሻለች» መባል ብቻ ነው። ደግሞም ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ «ምንም አይደል እታበባ» ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ ምንም አይደል እንድትይኝ አልፈልግም። እስከ መጨረሻው እንድታነቢው ነው የምፈልገው።

ነገሩ ስለ ሰሌዳው ነው። እናንተ ባለሙያዎቹ ሸራ የምትሉት፣ እዚህ ግን ከአባዬ እስከ ቆራጩ ሁላችንም ሰሌዳ የምንለው፣ በፕሮግራሜ ውስጥ ያለው ነጩ የመሳያ ገጽ። ሥራ መጀመሩን አባዬ ነግሮሻል። ለምን እንደዘገየ ግን አልነገረሽም። እሱን የምነግርሽ እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ።

የአባዬ እጅ አምና መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያነሳ ነበር። ቀጥሎ ቁልፍ ሲከፍት። እርሳስ ሲይዝ ግን ጸጥ ይላል፤ «እርሳሱን ይፈራዋል» እያለ ይስቅ ነበር። በጥር እርሳሱንም መፍራት ተወ። ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቶቹን አንድ በአንድ ካጠፈ ከዘረጋ በኋላ ወረቀት አቀረበና «እስቲ አንድ መስመር ያስምሩልኝ» አለው። አርባ ዓመት ሙሉ የጫማ ንድፍ ሲስል የኖረን ሰው! አባዬ አሰመረ። ሐኪሙ መስመሩን አየና «አባት፣ መድኃኒቱ ይረዳዎታል። ግን ጥሩ ወራት አሉ፣ መጥፎም ይመጣሉ። ጥሩዎቹን አያባክኗቸው» አለው። ለአንቺ «ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል» ነው ያልኩሽ። ደህና ነው አላለም።

አሠሪያችን፣ የጫማ ወርክሾፑ ባለቤት፣ ይህን ስትሰማ ወደ ክፍሌ መጣች። ክፍሌን ታውቂያታለሽ፤ ከቆዳ ማከማቻው ጎን ያለችው፣ በሯ እየተንቋቋ የማይገጥመው። ትእዛዝ የምንመዘግብበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እዚያች ውስጥ ነው፤ የደንበኛ ስም፣ የእግር ቁጥር፣ የቆዳ ዓይነት፣ የመረከቢያ ቀን። «ንድፎቹስ?» አለችኝ። ንድፎቹ በካርቶን ተቆርጠው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ግማሾቹን እርጥበት አጣሟቸዋል። ዋናዎቹ ግን ካርቶንም የላቸውም፤ ያሉት አባዬ ራስ ውስጥ ነው። አንድ እግራቸው ለሚያጥር፣ ቁርጭምጭሚታቸው ለዞረ፣ ሌላ ቦታ ሄደው የሚሆናቸውን ጫማ ለማያገኙ ሰዎች የሚስላቸው።

«እዚሁ ፕሮግራም ውስጥ፣ ከደንበኛው ስም ሥር፣ እሳቸው ስክሪኑ ላይ በብዕር የሚስሉበት ቦታ አብጂልኝ» አለች። «አባትሽ ሳይ...» ብላ ቀሪውን ዋጠችው።

«ይቻላል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰሌዳው መጀመሪያ አልገባም አለ። ፕሮግራሙን ስከፍት እሱ ለብቻው ሌላ መስኮት ሆኖ ጎን ይቆማል፤ ያኮረፈ ባል ይመስል። አባዬ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየውና «ይሄ ለምን ከቤቱ ወጥቶ ይቆማል?» አለኝ። በሳምንቱ አስገባሁት። አሁን ደግሞ ብዕሩ እዚህ ሲነካ መስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይወጣል። ለካ ልኬቱን የሚቆጥረው ከራሱ ጫፍ ሳይሆን ከትልቁ መስኮት ጫፍ ኖሯል። እሱንም አቃናሁት። ከዚያ መስኮቱን ሳሰፋው ሰሌዳው ጥግ ይዞ ኩርምት ብሎ ይቀራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

የባሰው ግን መጥፋቱ ነበር። አንድ ጠዋት የአባዬ እጅ ሰላም ሆኖ ዋለለት። አንድ ሰዓት ያህል ጎንበስ ብሎ የወንድ ጫማ ጎን ሳለ፤ ቆራጩ ጋሽ ሚሊ ሥራውን ትቶ ከኋላው ቆሞ ያያል። (አሁንም ጋሽ ሚሊ ነው፤ «አንድ ሚሊ ስሕተት ተረከዝ ትልጣለች» ማለቱንም አልተወም።) ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው አታሚው ወረቀት ጨርሻለሁ የምትል ትንሽ መልእክት ብቅ አደረገ። ዘጋኋት። መልእክቷ በተቀመጠችበት ቦታ ሥር የነበረው መስመር በሙሉ የለም። ጫማው አፍንጫውን ተቆርጦ ቀረ።

ጋሽ ሚሊ «ወይ ጉድ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። አባዬ ግን «ግድ የለም፣ ካርቶንም ይቀደዳል» አለኝ። በዚህ ጊዜ የሚያጽናናኝ ሰው ነበር የጠላሁት።

በዚያው እሑድ ደወልሽ። አባዬ ሁሉንም ዘረገፈልሽ፤ ከቤቱ የሚወጣውን፣ ዝቅ የሚለውን፣ የሚጠፋውን። አንቺ ሳቅ አልሽና «ኧረ እሱማ ቀላል ነው!» አልሽ።

ሚጢጢ፣ ያቺን ቃል የት እንዳስቀመጥኳት ብታውቂ። ቀላል። ሦስት ሳምንት ዓይኔ እስኪቀላ ያፈጠጥኩበት ነገር። አባዬ ደግሞ ደስታው! «ሰማሽ? ቀላል ነው አለች!» እያለ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፣ የምሥራቹ የኔም የሆነ ይመስል። ቆሽቴ አረረ። ሣህን ላነሳ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮድሽ መጣ። ከላዩ እንዲህ ብለሻል፤ «እታበባ፣ ስክሪኑ ላይ አትሳይ። መስመሩን ነጥብ በነጥብ መዝግበሽ ያዢው፤ መስኮቱ አሳይኝ ባለሽ ቁጥር ከመዝገቡ እያነበብሽ እንደ አዲስ ሳይለት።» ሁለት ዐረፍተ ነገር። ከሥሩ ያለውን አነበብኩት። ምኑ አናደደኝ መሰለሽ? ማማሩ። አንድ ትርፍ ቃል የለውም። እንደ አባዬ ስፌት ነው፤ መነሻው አይታይ፣ መድረሻው አይታይ። አዎ፣ በዚያች የወርክሾፑ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ጣትሽን ይዤ ፊደሎቹን ያስነካሁሽ እኔ ነኝ። «ይቺ ምንድን ናት፣ ያቺ ምንድን ናት» ስትይ የመለስኩልሽ እኔ ነኝ። ታዲያ መቼ ነው ጥያቄውና መልሱ ቦታ የተቀያየሩት?

አነበብኩት። ገባኝ። ዘጋሁት።

በማግስቱ አባዬ «የሚጢጢ መጣ ወይ?» ሲለኝ ዓይኑን እያየሁ «መጥቷል፣ ግን ከኛ ማሽን ጋር አልስማማ አለ። የራሴን እሠራለሁ» አልኩት። «እሺ» አለ።

ስለ ቅናቴ ልንገርሽ፤ መቼም አንቺ የምታውቂው አልመሰለኝም። የሚቀኑበት ሰው ምን ያውቃል?

ቁርጥራጭ ቆዳ ላይ የሳልሽው ፈረስ አሁንም ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል። ስድስት ዓመትሽ ነበር። አባዬ ተሸክሞሽ ወርክሾፑን ዞረ፤ «እዩ፣ እግሮቹን እዩ፣ አራቱም መሬት ይዘዋል!» እያለ። በዚያው ቀን እኔ የተደበላለቁትን የጫማ መወጠሪያ የእንጨት ፎርማዎች በሙሉ በቁጥር በቁጥራቸው፣ ቀኝ ከግራ አዛምጄ ደርድሬ ነበር። ማንም ሳያዘኝ። «ጎበዝ» አለኝ። ፎርማዎቹ በሦስተኛው ቀን ተደበላለቁ፤ ፈረሱ ግን አለ። በየጠዋቱ በሥሩ አልፋለሁ።

አሁንም ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወሬው አንቺ ነሽ። «ታናሿ ልጄ እዚያ ማዶ ናት፣ አንጎሏ ልዩ ነው» ይላል፤ እኔ ጫማውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ደንበኛው እስኪሞክረው ቆሜያለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለ ሰው እኛ ወርክሾፕ ውሎ መሆን አለበት። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ይቺስ ማን ናት?» አለችው። «ይቺማ እኛው ጋር ናት» አላት። እኛው ጋር! ደግሞ እኮ ምንም ክፉ ቃል የለበትም፤ ቤት ሄጄ ለማን ልክሰሰው?

እውነቱን ልናገር፣ እማዬ ስትታመም ቅሪ ያለኝ ሰው የለም። ወደ ውጭ የሚሄደው ማን ይሁን ሲባል እኔው ነኝ «እሷ ትሂድ» ያልኩት። በልቤ ግን አንድ ሰው «አይ፣ አንቺም ሂጂ» እስኪለኝ ጠብቄ ነበር። ማንም አላለም። አንቺም አላልሽም። ገና ልጅ ነበርሽ፣ ሻንጣሽን ነበር የምታዪው። ይኼው፣ ተናገርኩት።

ያንቺን ኮድ ዘግቼ የራሴን መንገድ ጀመርኩ። መስመር በተጨመረ ቁጥር የሰሌዳውን ምስል በሙሉ አንስቼ አስቀምጣለሁ፤ የሆነ ነገር ከሸፈነው መልሼ እለጥፈዋለሁ። ይሠራል። ግን ይጎተታል። ብዕሩ ሄዶ ሄዶ መስመሩ ከኋላው እየተንፏቀቀ ይደርሳል። ጤነኛ እጅ ላለው ሰው ግድ የለም። አባዬ ግን መስመሩ እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ እጁ ይብስበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔም አልለቅም አልኩ።

በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እጁን ታጥቦ፣ ሽርጡን አስሮ ብቅ ይላል።

«ዛሬስ ደረሰ?»

«ነገ፣ አባዬ።»

«እሺ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆንን። ነገ ባልኩት ቁጥር ኮድሽ ሁለት ጣት ርቀት ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አንድ ሁለቴ ከፈትኩት። አንድ ሁለቴ ዘጋሁት። አንድ ቀንማ ስሕተት ባገኝበት ብዬ መስመር በመስመር ፈተሽኩት። አጣሁ።

በሚያዝያ መጀመሪያ አስተማሪዋ መጣች። አንቺም ታስታውሻታለሽ፤ ግራ እግሯ በአራት ጣት የሚያጥረው፣ ስትስቅ አፏን በደብተር የምትሸፍነው። ሁልጊዜ በዚህ ወር ነው አዲስ ጫማ የምታዘው፣ አባዬም በየዓመቱ እግሯን እንደ አዲስ ለክቶ እንደ አዲስ ይስልላታል፤ «ሰው ያረጃል፣ አካሄዱም አብሮት ያረጃል» ይላል። ለካት። ቁጥሮቹን ጻፍኩለት። ካርቶኑን ዘርግቶ እርሳሱን አነሳ።

ጀርባውን አሰመረ። ደህና ነበር። ከተረከዙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የሚወጣው ጥምዝ ላይ ሲደርስ እጁ ፈነገጠ። አጠፋው። ደገመው። ፈነገጠ። ጋሽ ሚሊ መጥቶ ካርቶኑን በሁለት እጁ ያዘለት፣ የሚንቀጠቀጠው ካርቶኑ ይመስል። ሦስተኛው ላይ እርሳሱ ካርቶኑን ቀደደው።

አባዬ እርሳሱን አስቀመጠ። ወደ አስተማሪዋ ዞሮ በጣም በትሕትና «ጥቂት ቀን ታገሺኝ የኔ ልጅ። ልጄ ሰሌዳ እየሠራችልኝ ነው፣ ሊደርስ ነው» አላት።

«ምን ቸገረኝ፣ እጠብቃለሁ» አለች። አሮጌውን ጫማዋን መልሳ አሰረችና ወጣች። የጫማው ሶል በአንድ ጎኑ አልቆ ስለነበር ትከሻዋ ወደ ግራ ወድቋል። መንገዱን እስክታቋርጥ አየኋት።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ኮድሽን ከፈትኩ።

ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለሽ? አርባ ደቂቃ። ሰሌዳው ገባና ተቀመጠ። መስኮቱን ሳሰፋ አብሮ ሰፋ። ሌላ መስኮት ጫንኩበት፣ አነሳሁ፤ ሁሉም መስመር በቦታው ነው። ብዕሩና መስመሩ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ወጥቼ አባዬን ጠራሁት።

መጣ። ተቀመጠ። ብዕሩን ያዘ። ያንኑ የአስተማሪዋን ተረከዝ ጀመረ።

ሰሌዳሽ ታማኝ ነው ሚጢጢ። እጁ ያደረገውን አንዲት ሳያስቀር አሳየ። ካርቶን ላይ እርሳሱ ወፍራም ስለሆነ ጥቂቱን ይደብቅለት ነበር። እዚህ ምንም አልተደበቀም። መስመሩ ከላይ እስከ ታች እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ወጣ። አባዬ አየው። ከዚያ «ይሄ የኔ መስመር አይደለም» አለ።

አልቻልኩም። «አባዬ፣ ይሄ የሚጢጢ ነው» አልኩት። «የመጣው ድሮ ነው። አልስማማ አለ ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«በዚያው ሳምንት አንቺ ሳትኖሪ ደውላ ነግራኛለች። እንደኛው ያለ ማሽን ላይ ሞክሬው ሠርቷል፣ ደስ ይበልህ አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ያንቺን ልይ ብዬ ነዋ።» ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ተንከባለለ፣ እኔ ያዝኩት። «ትጨርሰዋለች ብዬ። እጄ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።»

ሐኪሙ አያባክኗቸው ያላቸው ወራት የት እንደሄዱ አሁን ታውቂያለሽ። እኔ ለቅናቴ አጠፋኋቸው፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ሰጣቸው። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሽርጡ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፣ እሱም ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ ስለ አስተማሪዋ ተረከዝ ያወራኛል።

አንቺም ታውቂ ነበር ማለት ነው። እሑድ እሑድ ስትደውዪ «ሰሌዳው እንዴት ሆነ?» አላልሽኝም። አምስት ሳምንት አልጠየቅሽኝም። እኔ ደግሞ ረስታዋለች፣ ለሷ ቀላል ነው ብዬ በዚህም ተናድጄ ነበር። በዝምታም እንኳ ትበልጪኝ?

የሆነውን ልጨርስልሽ። በማግስቱ መዝገብሽን ከፍቼ ቁጥሮቹን አየሁ። መስመሩ በሙሉ እዚያ አለ፤ በየነጥቡ፣ በቁጥር። መሳል አልችልም፣ ቁጥር ግን የኔ ነው። አባዬ መስመሩን በሙሉ መሳል ለምን አስፈለገው? አምስት ስድስት ቦታ ብቻ ይንካ። ሲነካ እጁ ቢንቀጠቀጥ ፕሮግራሙ የነካቸውን ሁሉ ሰብስቦ መሃላቸውን ይወስዳል። ከዚያ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈውን ጥምዝ ራሱ ያሰላል። ነጥቧ ካልጣመችው ጎትቶ ያንቀሳቅሳታል። ያንቺ መዝገብ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር። ያንቺ መዝገብ ብቻውንም አይሆንም ነበር። ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ትንሽ ደስ ብሎኛል፣ ይቅር በዪኝ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አባዬ ነጥቦቹን ሲነካ ጥምዙ ከሥራቸው ለስልሶ ሲነሳ አየና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይቺን ወደ ውስጥ» አለ። ጎተትኳት። «ትንሽ። አንድ ሚሊ። በቃ፣ ተያት።» ጋሽ ሚሊ ከወዲያ ሆኖ «አንድ ሚሊ ሲባል የሰማሁ መሰለኝ!» ብሎ ጮኸ። ወርክሾፑ ሳቀ።

የአስተማሪዋ ንድፍ ሦስት ጠዋት ወሰደ። ጋሽ ሚሊ ቆረጠው። በግንቦት አጋማሽ መጥታ አድርጋው ከመቁረጫው ጠረጴዛ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። አባዬ እግሯን አይደለም የሚያየው። ትከሻዋን ነው። «እኩል ነው» አለ።

«ማን ሠራው?» አለች አስተማሪዋ።

«ልጆቼ» አላት።

ልጆቼ። ያን ሦስት ጠዋት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ነጥብ የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ሆኖም ልጆቼ አለ። «ልጄ» ቢል ምናለ ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ነኝ። አልቅሼም፣ ተናዝዤም፣ ያው እቀናለሁ። ቅናት በአንድ ለቅሶ የሚለቅ መስሎኝ ነበር።

አሁን ያለንበትን ልንገርሽ። አሥራ አንድ ንድፍ ገብቷል። «ራሴ ውስጥ ሠላሳ ይኖራሉ» ይላል። ብዕሩን ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ነኝ የምይዘው፤ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እነካለሁ። ሲደክመው በአገጩ ያሳየኛል። አንዳንድ ቀን አንዱን ንድፍ ጀምሮ መሃል ላይ ሌላው ይቀላቀልበታል፣ ያን ጊዜ ተነሥቶ ቆዳ ሊያይ ይሄዳል፣ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። ሐኪሙ ቀጠሮውን በየሁለት ሳምንቱ አድርጎታል፤ ለጥንቃቄ ነው ብሏል።

ባለፈው እሑድ «መስመሩ ይቆራረጣል፣ አባዬ አይሰማኝም፣ ከተማው ውስጥ ደህና ኔትወርክ የለም እንዴ?» ብለሽ ተማርረሽ ነበር። ኔትወርኩ ደህና ነው። የኔን ድምፅ ደህና አድርገሽ ሰምተሽ የለ? ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ቃሉም ቶሎ አይመጣለትም፤ እስኪመጣለት አንቺ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትያለሽ። ሃሎ አትበዪው። ጠብቂው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሊልሽ የነበረውን ለኔ ይነግረኛል፣ እኔም ለአንቺ ሳላደርሰው የቀረሁባቸው ቀኖች አሉ። አንዱን ላድርስልሽ፤ «ያ ፈረስ አራት እግሩ መሬት ይዞ ነበር በያት» ብሏል።

እረፍትሽን ለመስከረም ነበር ያሰብሽው። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሥራሽን አውቃለሁ፣ እኔ ነይ አልልም ብዬ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ነይ። መስከረምን አትጠብቂ። ስትመጪ ሳምንት ሙሉ እኔን ዞር ብሎ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል፣ ሻንጣሽን ራሴ ካልያዝኩ ይላል። ከአሁኑ እየቀናሁ ነው። ነይ ብቻ።

ቀኑን ስትቆርጪ ግን ለኔ አስቀድመሽ ጻፊልኝ። ለሱ የምነግረው እኔ ልሁን። ያቺን የምሥራች እንኳ ለኔ ተዪልኝ።

የደከምሽበት ሁሉ ይባረክልሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፤ የኔም ቢሆን። በሰላም ገብተሽ ደጃችንን ለማንኳኳት ያብቃሽ።

ቀናተኛዋ እህትሽ፣
እታበባ